ጀርመን አገር ከካቶሊክ ሲስተሮች ጋር አንድ ዓመት በጎ ፈቃድ፦ ኦርቶዶክስ ሆኜ ልሂድ?

የቀበና ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

23 ዓመቴ ነው። በሶሺዮሎጂ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ስፈልግ ሲሰለቸኝ ጀርመንኛ ጀመርኩ፤ ቢ1 የሚባለውን የመካከለኛ ደረጃ ፈተና አልፌያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ማዘር ተሬዛ ቤት እየሄድኩ ልብስ አጥባለሁ፣ የታመሙትን አበላለሁ። እዚያ የተዋወቅኳት አንዲት ጀርመናዊት ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎታቸው፣ ቤኤፍዴ ስለሚሉት፣ ነገረችኝ። በእሷ በኩል ባየርን ውስጥ አንድ የፍራንሲስካን ሲስተሮች ገዳም አገኘሁ። የአረጋውያን መጦሪያ አላቸው። በቪዲዮ አነጋግረውኝ ተቀብለውኛል፤ በእነሱ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር ጀምሮ ለአንድ ዓመት። መኝታና ምግብ ከእነሱ ነው፤ በየወሩ የኪስ ገንዘብ አለ።

እናቴ «ካቶሊክ አድርገው አመንኩሰው ያስቀሩሻል» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ነጻ ጉልበት ፈልገው ነው፤ የሰው አገር ሽማግሌ ስታጥቢ ከርመሽ ባዶ እጅሽን ትመጫለሽ» ይላል። እኔ ራሴ የሚያሳስበኝ ጾሙ ነው። ሁዳዴን ሳልጾም ቀርቼ አላውቅም። ቅዳሴያቸው ላይ ግዴታ ተገኚ ይሉኛል ወይ? እንደዚህ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ የሆነውን ሁሉ ንገሩኝ፤ ደስ የማይለውንም ጭምር።


የቅዝቃዜ ሰለባ (ሙኒክ አካባቢ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ቢ1 ማለፍም ቀላል አይደለም። እኔ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አንድ ዓመት ባየርን ገጠር ውስጥ ከሲስተሮች ጋር አገልግያለሁ፤ ቤኤፍዴ ነበርኩ፤ እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ። አሁን እዚሁ የነርስነት ሥልጠና ላይ ነኝ። ዛሬ ዕረፍቴ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የወንድምሽን፣ አጭር ስለሆነ። አገልግሎቱ በሕግ የቆመ ነው። ወታደራዊ ግዴታው ሲቆም፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ከውትድርና ይልቅ በሆስፒታልና በመጦሪያ ያገለግሉ የነበሩትን ወጣቶች ቦታ እንዲተካ ነው የተጀመረው። ውሉን ከገዳሙ ጋር ብቻ አትፈራረሚም፤ ኮሎኝ ያለው የፌዴራል መሥሪያ ቤትም ይፈርምበታል። የጤና ኢንሹራንሱን፣ የጡረታ መዋጮውን ሁሉ የሚከፍለው ቤቱ ነው፤ ከኪስሽ አንድ ሳንቲም አይወጣም። በዓመቱ ውስጥ 25 ቀን ሴሚናር አለ፤ እሱም እንደ ሥራ ይቆጠራል። ሕጉ ደግሞ በጎ ፈቃደኛ የቅጥር ሠራተኛን ቦታ መሸፈን የለበትም፣ ተጨማሪ እጅ ነው ይላል። በተግባር፣ አንድ ነርስ ታምማ የቀረች ቀን ተጨማሪነትሽ ይረሳል። ያኔ አፍ አውጥቶ መናገር ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ይሉኝታ ይገድለናል። መድኃኒት መስጠትና መርፌ መውጋት ያንቺ ሥራ አይደለም፤ ማንም ቢያዝሽ «አይፈቀድልኝም» በይ፤ አይቀየሙም፣ እንዲያውም ደንብ ስለምታውቂ ደስ ይላቸዋል። የኔ የኪስ ገንዘብ ከ400 ዩሮ ትንሽ ያነሰ ነበር። እናትና አባት የሚጦርበት አይደለም፣ ግን ቤት ኪራይም ምግብም ስለሌለብሽ አንቺ አትቸገሪም። ቀድሞ «ለፕሮሰስ» ብሎ ብር የሚጠይቅሽ ደላላ ከመጣ ግን ሌባ ነው፣ ጆሮ አትስጪው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሃይማኖቱ ወይም ስለ ሥራው ነው። ዓመትሽን የሚወስነው ግን ቤቱ ነው። ጀርመን የሚገኙት አብዛኞቹ ሲስተሮች ከ65 ዓመት በላይ ናቸው፤ አዲስ የሚገባ ወጣት የለም ማለት ይቻላል። ለብዙ ሰው የተሠራ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ጥቂት አሮጊቶች ቀርተው ታገኛለሽ። የእኔ ቤት እንደዚያ ነበር። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ወለሉ ይንጸባረቃል፣ ከማታ ጸሎት በኋላ ድምፅ የለም። ቁርሱ ራሱ በዝምታ ነው፤ ቅቤውን አቀብዪኝ ለማለት በጣት ነው የሚጠቆመው። እኔ ስድስት ልጅ ባለበት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው ጆሮዬን ያመኝ ነበር። እራት ቀዝቃዛ ዳቦ ነው፤ ማታ 12 ሰዓት ይበላል፣ አለቀ። አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ፣ እሑድ ጨርሶ የለም።

ስለዚህ ለገዳሙ አሁኑኑ ጻፊና እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ሌላ በጎ ፈቃደኛ አብሮኝ ይኖራል? የምኖረው ሲስተሮቹ ክፍል መካከል ነው ወይስ ከሠራተኞቹ ጋር? ወጥ ቤት መጠቀም እችላለሁ? የባቡር ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል? ከሁሉም በላይ ደግሞ አምና የነበረችውን ልጅ ስልክ ጠይቂ። ስልኩን በደስታ ከሰጡሽ ጥሩ ምልክት ነው። «ለምን ፈለግሽው?» ካሉሽ ግን ሌላ ቤት ፈልጊ።

ቅዳሴ ማንም አስገድዶኝ አያውቅም። ኃላፊዋ ሲስተር የመጀመሪያው ቀን «መምጣት ከፈለግሽ ወንበርሽ ይሄ ነው፤ ካልፈለግሽም ማንም አይቆጥርሽም» አለችኝ። እኔ እሑድ እሑድ እገባ ነበር። ሰው ለመቁረብ ሲሰለፍ እጄን ደረቴ ላይ አመሳቅዬ እቀርባለሁ፤ ካህኑ ባርኮኝ ያልፋል። እዚያ ይህ የተለመደ ነው፣ ማንም ዞሮ አያይሽም። ለቁርባን ወደ ሙኒክ፣ ወደ ራሳችን ቤተ ክርስቲያን ነበር የምሄደው። ለጉዞው የዶይችላንድ ቲኬት የሚሉትን የወር የአውቶቡስና የባቡር ቲኬት ያዢ፤ ከሜይ 2023 ጀምሮ አለ። መጀመሪያ በወር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2025 ወደ 58 ገብቶ ነበር፤ አንዳንድ ቤቶች ይከፍሉታል፣ ጠይቂ። ፈጣኑን ባቡር አይጨምርም እንጂ ለሌላው ሁሉ ይሆናል።

ጾሙ ነው ያስቸገረኝ። ለእነሱ ሥጋ ከሌለ ጾም ነው። ዓርብ ቀን «ለአንቺ ብለን ነው የሠራነው» ብለው ቺዝ በላዩ የፈሰሰበት ኑድል ያቀርቡልኛል፤ እንቁላሉም ወተቱም እዚያው ውስጥ ነው። አሮጊቷ ባለ ወጥ ቤት ሲስተር አንዴ ሳይሆን ደጋግማ ነው የጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ምን ትበያለሽ?» ሽሮ ሠርቼ ካሳየኋት በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ያዳነችኝ ግን ከኬራላ የመጣች ሕንዳዊት ሲስተር ናት፤ እዚህ ብዙ ገዳም ውስጥ የሕንድ ሲስተሮች አሉ። እሷም ቅመም የናፈቃት ሰው ነበረች። ቅዳሜ ማታ ሁለታችን ወጥ ቤቱን ይዘን ምስር በበርበሬ እንሠራለን፤ በማግስቱ ኮሪደሩ ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ ማንም ምንም አይልም።

የእኔ ዓመት ደግሞ የባሰ ዓመት ሆኖ ነው እንጂ! በ2016 ዓ.ም. የእነሱ ፋሲካ መጋቢት 22፣ የእኛ ሚያዝያ 27 ነበር የዋለው፤ ከአምስት ሳምንት ልዩነት ጋር። እነሱ በግ ሲቆርሱ፣ ቀለም የተቀባ እንቁላል ሲሰባብሩ፣ እኔ ሁዳዴን ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ ድንች በጨው በላሁ። ሲስተሮቹ ግን የእኛን ፋሲካ ዕለት ማታ ሳላስባቸው ያንኑ እንቁላል እንደገና ቀቅለው፣ እንደገና ቀለም ቀብተው፣ አቆይተውልኝ አገኘሁ። በ2017 ሁለቱም ሚያዝያ 12 ስለዋለ ከእኔ በኋላ የሄደችው ልጅ በጣም ዕድለኛ ናት።

ደስ የማይለውንም ንገሩኝ ስላልሽ፦ አንድ ሽማግሌ በእኔ እጅ መታጠብ አልፈልግም ብሎ ጮኾ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ መጥታ «እንግዲያው ዛሬ አትታጠብም» ብላው ሄደች፤ ወደ ቀትር ላይ ራሱ ጠራኝ። ጓደኛሞች ሆንን አልልሽም፤ ሰውየው እስከ መጨረሻው አፉ ክፉ ነበር። ሌላ ደግሞ፦ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ልጆች ሦስቱን ነገሥታት መስለው በየቤቱ እየዘመሩ ለድሃ ሕፃናት ገንዘብ ይለምናሉ፤ በሩ ላይ የዓመቱን ቁጥርና ሦስት ፊደል በጠመኔ ይጽፋሉ። እኛ ቤት ከመጡት አንዱ ልጅ ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ ነበር፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ይህን ተዉ ቢሉም በአንዳንድ መንደር አልቀረም። እኔን ሲያይ ልጁ አፍሮ የሚገባበት ጠፋው፤ እኔም ሳቄ መጣ። ሲስተሮቹ ከእኔ በላይ ተናደው ለሰበካው ደብዳቤ ጻፉ። ይህን የምነግርሽ ክፋት እንዲመስልሽ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ አውቀሽ እንድትሄጂ ነው።

ሥራው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በርክክብ ይጀምራል። ማንሣት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ እጅ ይዞ መቀመጥ። የ94 ዓመት እናት ነበሩ፣ በየጠዋቱ «አንቺ አዲስ ነሽ?» ይሉኛል፤ ዓመቱን ሙሉ አዲስ ነበርኩ። ከጎተ ኢንስቲትዩት የሚማሩት ዓይነት ጀርመንኛሽ ደግሞ ለኤምባሲ ነው የሚጠቅምሽ፤ ባየርን አሮጊት ስታናግርሽ ምንም አትሰሚም፣ አትደንግጪ፤ ከበርሊን የመጣውም አይሰማቸውም።


እምድብሩ በሮም

የቀበና ልጅ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ካቶሊክ ነኝ፣ ሴሚናሪ ገብቼ የወጣሁ። እናትሽን የሚያሳርፍ ነገር ልጻፍ፤ ብታነቢላት ደስ ይለኛል።

እማማ፣ ሰው በስሕተት ወይም በድንገት ሲስተር አይሆንም። በካቶሊክ ሕግ መጀመሪያ ካቶሊክ መሆን ግድ ነው። ቀጥሎ የመለማመጃ ጊዜ አለ፤ ከዚያ ቢያንስ 12 ወር የሚፈጅ ኖቪሺየት የሚባል ከስእለት በፊት ያለ የዝግጅት ጊዜ፤ ከዚያ ጊዜያዊ ስእለት፣ እሱም ከሦስት ዓመት ያላነሰ፤ የዘለዓለሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በየደረጃው «ይበቃኛል» ብላ ብትወጣ የሚይዛት የለም። እኔም ወጥቼ እዚህ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፤ አባቶቼ አሁንም ለፋሲካ ይደውሉልኛል። ልጅዎ የምትሄደው ግን የዚህ ሁሉ ደጃፍ ላይ እንኳ አይደለም፤ በውል የታወቀ አንድ ዓመት ነው።

ስለ ቁርባን የሙኒኳ እህት ያለችው ትክክል ነው፤ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ሕግ እንደ አንቺ ያሉ ኦርቶዶክሳውያን በራሳቸው ፈቃድ ከጠየቁ ካህኑ ሊያቆርባቸው ይችላል። ስለዚህ አንድ ደግ አባት «ነይ ቁረቢ» ሊልሽ ይችላል። የአንቺ ቤተ ክርስቲያን ግን አትፈቅድም። ያ አባት ክፋት ባይኖርበትም ይህን ላያውቅ ይችላል፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ። «የእኔ ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድልኝም» ብትዪ ያከብርሻል። ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። ስለ ጾሙም እሳቸው የሚሉሽን ያዢ፤ የቀኑን ሥራ ሲሰሙ ምናልባት ማለዳ እንድትቀምሺ ይፈቅዱልሽ ይሆናል።

ደግሞ የሚገርምሽን ልንገርሽ፦ ለእኔ የላቲን ሥርዓት፣ የአውሮፓ ካቶሊኮች አቀዳደስ ማለቴ ነው፣ ከአንቺ ባላነሰ ነው የከበደኝ። እኛ እምድብር በግዕዝ ነው የምንቀድሰው፤ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ ነጠላ፣ ሁሉም አለ። ሮም የመጣሁ ሰሞን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቅዳሴው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሮጥ ግራ ገብቶኝ ቀረሁ። ቫቲካን ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለን፤ ሆድ ሲብሰኝ እዚያ ነው የምሄደው። ዕረፍት ስታገኚ ሮምን እይ፤ አቅጣጫ የሚያሳይሽ አበሻ አይጠፋም።


ዘሪሁን የሳሪሱ

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፤ እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሽማግሌ ለመርዳት ጀርመን ድረስ? መቄዶንያ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ስንት ሺህ አረጋዊና የአእምሮ ሕሙማን ሰው አጥተው ያሉበት። የጀርመን ሽማግሌ ጡረታ አለው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ ማሽን ያነሣዋል። እውነቱን እንነጋገር፦ ይሄ በጎ ፈቃድ ነው ወይስ ቪዛ?


የቀበና ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእምድብሩን ለእማዬ አነበብኩላት። «ይሄ ልጅ ጨዋ ነው፤ ለምን ግን ቄስ ሳይሆን ቀረ?» አለች። ትንሽ ረግባለች ማለት ነው።

ወንድም ዘሪሁን፣ ጥያቄህ አላስከፋኝም። መቄዶንያም ሄጃለሁ፣ ማዘር ተሬዛ ቤትም አለሁ። ግን አዎ፣ ቪዛም አለበት። ሦስት ታናናሾች አሉኝ። ዓመቱ ሲያልቅ እንደ ሙኒኳ እህት ነርስነት ብማር ደስ ይለኛል። በጎ ፈቃዱን ግን ውሸት አያደርገውም ብዬ ነው የማስበው። እህቴ፣ ይህን ሐሳቤን ለሲስተሮቹ ልንገራቸው ወይስ ልደብቅ? ከዚያ ሳይመለሱ ሥልጠና መግባትስ ይቻላል?


የቅዝቃዜ ሰለባ (ሙኒክ አካባቢ)

ዘሪሁን፣ የጠየቅከው ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ ማሽኑ የሚያነሣው ገላውን ብቻ ነው። ልጆቻቸው ለገና እንኳ የማይመጡላቸው ስንት ነበሩ! ጡረታ አለው ብለህ ሰውየውን ሀብታም አታድርገው።

እህቴ፣ አትደብቂ። እኔ ከመሄዴ በፊት በቪዲዮው ላይ «ከተመቸኝ ነርስነት መማር እፈልጋለሁ፤ ካልተመቸኝ እመለሳለሁ» ብዬ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ሳቁና «እኛም እንደዚያው፤ ካልተመቸሽን እንነግርሻለን» አሉኝ። ለኤምባሲውም ቢሆን ለአንድ ዓመት አገልግሎት እንደምትሄጂና ለምን እንደሆነ እውነቱን በራስሽ አፍ ተናገሪ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ የማመልከቻ ደብዳቤ ወዲያው ነው የሚያውቁት።

ሥልጠናው ሦስት ዓመት ነው፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ደመወዝ አለው። ከእኔ የሴሚናር ቡድን ከማዳጋስካርና ከኮሎምቢያ የመጡ ልጆች እዚያው ሆነው የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ቀይረው ገብተዋል፤ እኔም እንደዚያው። ግን በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም። የሥልጠና ውል ቀድመሽ ማግኘት አለብሽ፤ የ12ኛ ክፍልና የዲግሪ ማስረጃሽ እዚያ መታወቅ አለበት፤ ብዙ ትምህርት ቤት ደግሞ ቢ2 ይጠይቃል። ስለዚህ ማስረጃሽን ሁሉ አሁኑኑ፣ አዲስ አበባ እያለሽ አስተርጉሚ፣ አረጋግጪ። ከዚያ ሆኖ ሰው ልኮ ማስጨረስ መከራ ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ የሚያበቃበትን ቀን ደግሞ አጥብቀሽ ያዢ። እኔ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ነው ማመልከት የጀመርኩት፤ ኃላፊዋ ሲስተር ለሁለት ቦታ ራሷ ደውላልኛለች። ስትጨርሺም ከሥራሽ ዝርዝር ጋር የምስክር ወረቀት ይሰጡሻል፤ በደንብ አስጽፊው፣ ዋጋ አለው።

ሻንጣሽን በተመለከተ፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቡና ያዢ። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ አትያዢ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሥጋና የወተት ነገር ማስገባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይጥሉብሻል። ወፍራም ጃኬት ከመርካቶ አትግዢ። እዚያ ሰው የለበሰውን በደህና ዋጋ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ ገዳሙም ቢሆን ቁም ሳጥን ሙሉ ካፖርት አለው፣ የእኔን ሁለት ካፖርት የሰጠችኝ አንዲት ሲስተር ናት። ነጠላ ግን ሁለት ያዢ፤ አንዱን ይለምኑሻል።

የገዳሙን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ያ ቤት ያገለገለች ልጅ ካለች በሴሚናር ጓደኞቼ በኩል አፈላልጌ ስልኳን አገኝልሻለሁ፤ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን ይሁን።